ሱቁን ከመሸጥዎ በፊት፦ በሙያ ወደ ውጭ አገር የመሄድ ሒሳብ

መርካቶ ውስጥ ውጭ አገር የማይወራበት ተራ የለም። ሚሊቴሪ ተራ የአንዱ ወንድም ጀርመን ገብቶ ቤት ገዛ ይባላል። ሸማ ተራ የሌላዋ እህት ካናዳ ነርስ ሆና በወር ይህን ያህል ትልካለች ይባላል። ወሬው ሁሌ ደሞዙ ላይ ይቆማል። ለወረቀቱ ስንት እንደወጣ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ፣ ከደሞዙ ላይ ምን ያህል እንደሚቆረጥ የሚናገር እምብዛም አይገኝም። እዚህ የምንነጋገረው ስለዚያ ነው።

የምናወራው በሙያ ስለሚሄድ ሰው ነው፤ ኤሌክትሪሽያን፣ በያጅ፣ መካኒክ፣ ነርስ፣ አካውንታንት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ዲቪ ሌላ ነገር ነው፤ ዕጣ እንጂ የሙያ ምዘና አይደለም። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር የሚደረገው ጉዞም የራሱ ሕግ አለው፤ እግረ መንገዴን ብቻ እነካዋለሁ።

«ሥራዬን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ይህ አይበቃኝም?» ይሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሱማሌ ተራና በዙሪያው ባሉት ጋራዦች የሞተርን ሕመም ከድምፁ የሚለዩ መካኒኮች አሉ። አብዛኞቹ ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው ቁልፍ እያቀበሉ ነው። የጀርመን ወይም የካናዳ መሥሪያ ቤት ግን ድምፅ ሰምቶ ሞተር ሲፈቱ አያይም። የሚያየው ወረቀት ነው፦ የት ተማሩ፣ ስንት ዓመት ተማሩ፣ ማን መሰከረልዎት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እጅዎ ላይ ያለው ሙያ ምን ያህሉ በወረቀት እንደሚታይ ማወቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

እዚህ አገር በልምድ ለተማረ ሰው አንድ በር አለ። ሲኦሲ የምንለው የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ነው። ኮሌጅ ገብቶ ለሠለጠነ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ላይ የተማረም ቀርቦ መፈተን ይችላል። ሲኦሲ ይዞ መገኘት ጠቃሚ ነው፤ ለአገር ውስጥ ቅጥርም ሆነ ለዐረብ አገር ሥራ ይጠየቃል።

ለጀርመን ግን ሲኦሲው ብቻውን አይበቃም። ጀርመኖች የሚጠይቁት በአገርዎ መንግሥት የታወቀ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀ የሙያ ሥልጠና ወይም ዲግሪ ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ ከባለልምዱ ይቀድማል። ፍትሐዊ አይመስልም። ሃያ ዓመት የሠራ ባለሙያ ከኮሌጅ ትናንት ከወጣ ልጅ ኋላ ሲሰለፍ ቅር ያሰኛል። ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ወጣት ከሆኑና ወረቀት ከሌለዎት፣ በማታው ወይም በቅዳሜና እሑዱ ፕሮግራም ደረጃዎን ማሟላት ለደላላ ከሚከፍሉት ሁሉ የተሻለ ወጪ ነው።

ልምድስ እንዴት ይረጋገጣል? እዚህ ላይ የመርካቶ ሰው ይቸገራል። ብዙዎቻችን የሠራነው ያለ ውል ነው። ደሞዝ በእጅ ይሰጣል፣ ጡረታ አይቆረጥም፣ ስምም የትም አይመዘገብም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጡረታ የተቆረጠለት ሰው ጥሩ ማስረጃ አለው። ያልተቆረጠለት የቅጥር ውል፣ የደሞዝ ወረቀት፣ ከአሠሪው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤው «ጎበዝ ሠራተኛ ነበር» ብቻ ካለ አይጠቅምም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በሙሉ ጊዜ፣ ምን ምን ሥራ እንደሠሩ መዘርዘር አለበት። የራስዎ ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ከነበረዎት ደግሞ የንግድ ፈቃድዎና የግብር ደረሰኝዎ ይመሰክሩልዎታል። ደረሰኝ ለመቁረጥ የሰነፈ ሰው እዚህ ላይ ይጸጸታል።

ዲግሪ ላለው ሰው መንገዱ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ማስረጃዎን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ሰነዶቹ እንደየአገሩ ጥያቄ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታያሉ። ጀርመኖች «አናቢን» የሚባል መዝገብ አላቸው፤ የየአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች ከነደረጃቸው የሰፈሩበት ነው። በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ እዚያ ውስጥ «ኤች ፕላስ» የሚል ምልክት ካለው ታውቋል ማለት ነው። ካናዳ ደግሞ ዲግሪዎ ከነሱ ዲግሪ ጋር እንዲመዘን ትጠይቃለች። ይህን ከሚሠሩት መካከል ሰው የሚያውቀው «ዌስ» የሚባለው ድርጅት ነው። ክፍያው ከ200 የካናዳ ዶላር በላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ጣጣ አለ፦ ስምና ልደት። የእኛ ሰው ስሙን በእንግሊዝኛ እንደመጣለት ይጽፋል። የአሥረኛ ክፍል ካርድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲፕሎማው ላይ ሌላ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለውጭ መዝገብ ቤት ግን ሦስት ሰው ነው። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲቀየር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። አንዱ ጸሐፊ ሰባት ሲደምር ሌላው ስምንት ይደምራል። ስለዚህ ፓስፖርት ከማውጣትዎ በፊት የልደት ካርድዎንና የትምህርት ማስረጃዎችዎን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ስሕተቱን እዚህ ማስተካከል የወረዳ ምልልስ ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ማስተካከል ግን ወራት ይበላል፤ አንዳንዴም ውድቅ ያስደርጋል።

አሁን ወደ አገሮቹ እንሂድ። ሁሉንም መዘርዘር አይቻልም። ጀርመንን ረዘም አድርጌ አያለሁ፤ ዲግሪ ለሌለው ባለሙያ አሁን ሰፊውን በር የከፈተችው እሷ ናትና።

ጀርመን የባለሙያዎች የፍልሰት ሕጓን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ሥራ ላይ አዋለች፤ ከ2023 እስከ 2024 ደግሞ አላላችው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ «ቻንሰንካርተ» የሚባል ፈቃድ አለ። ሥራ ሳይኖርዎት ጀርመን ገብተው እስከ አንድ ዓመት ሥራ እንዲፈልጉ የሚያስችል ወረቀት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል።

ለማግኘት ከላይ ያልነው የሁለት ዓመት ሥልጠና ወይም ዲግሪ ያስፈልጋል። ቋንቋም ይጠየቃል፤ ጀርመንኛ በኤ1 ደረጃ ወይም እንግሊዝኛ በቢ2 ደረጃ። የቋንቋ ደረጃዎቹ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ናቸው። ኤ1 ሰላምታና ገበያ ነው፤ ቢ1 ያለ አስተርጓሚ የዕለት ኑሮን መኖር ነው፤ ቢ2 ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ ሳይቸገሩ መነጋገር ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ነጥብ መሰብሰብ አለብዎት።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል? የ30 ዓመት ኤሌክትሪሽያን እንውሰድ። ዕድሜው ከ35 በታች ስለሆነ ሁለት ነጥብ ያገኛል። ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ በሙያው አምስት ዓመት መሥራቱን ካስረዳ ሦስት ይጨመርለታል። ጀርመንኛ ኤ2 ካለው አንድ ነጥብ አለው። ስድስት ሞላ። አሁን ደግሞ የ42 ዓመት ጎረቤቱን እንመልከት፤ ያው ሙያ፣ ያው ልምድ አለው። በዕድሜ የሚያገኘው ነጥብ የለም። በልምድ ሦስት፣ በኤ2 አንድ፤ በጠቅላላው አራት ነው። ሙያው ጀርመን ሰው ካጣችባቸው ዝርዝር ውስጥ ከሆነ አንድ ይጨምራል። ቋንቋውን ወደ ቢ1 ካሳደገ ደግሞ አንድ ይጨምርና ስድስት ይሞላል። ዕድሜ የነሳውን ቋንቋ ይሞላለታል ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሥራ አስቀድሞ ያገኘ ሰው፣ የሁለት ዓመት ሥልጠና እና የሁለት ዓመት ልምድ ካለው፣ ወረቀቱ በጀርመን አቻ ሳይሰጠው በቀጥታ ሊገባ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ደሞዙ ነው። በ2025 ቢያንስ 43,470 ዩሮ በዓመት መሆን ነበረበት። ለኮምፒውተር ባለሙያ እንዲያውም ዲግሪም ዲፕሎማም ሳይጠየቅ ልምዱ ብቻ የሚታይበት ሁኔታ አለ። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ባለሙያ የሚባለው ሶፍትዌር የሚጽፍ ወይም ኔትወርክ የሚያስተዳድር ነው እንጂ ስልክ ፎርማት የሚያደርግ አይደለም።

ካናዳ ከጥር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤክስፕረስ ኢንትሪ» በሚባል ሥርዓት ትሠራለች። በአንደኛው ዘርፍ ከ100 ነጥብ 67 ካገኙ እጩዎች ጥሪ ወደሚጠብቁበት ገንዳ ይገባሉ። ገንዳው ውስጥ መግባት ግን መጠራት አይደለም። እዚያ ውስጥ ነጥቡ በሌላ መስፈርት የሚሰላ ሌላ ውድድር አለ፤ በየጊዜው ከላይ ያሉት ብቻ ይጠራሉ። ከ20 እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው በዕድሜ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ከ30 በኋላ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ 45 ላይ ዜሮ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት የተጠሩት ብዙዎቹ 500 ገደማና ከዚያ በላይ ነጥብ የነበራቸው ናቸው። ለዲግሪ ባለቤት፣ እንግሊዝኛው ጠንካራ ለሆነ ወጣት ይህ መንገድ ጥሩ ነው። ሲገቡም በቋሚ ነዋሪነት ነው፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በአንድ ማመልከቻ ይሄዳሉ። በጀርመን ቻንሰንካርተ ግን ቤተሰብ ይዞ መግባት አይቻልም። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ በቂ ገቢና በቂ ቤት፣ ከዚያ ቤተሰብ ነው።

እንግሊዝ በአሁኑ ጊዜ በሩን እየዘጋች ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለባለሙያ ቪዛ የሚጠየቀው የዓመት ደሞዝ በመሠረቱ 41,700 ፓውንድ ሆኗል። ከዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ ሥራዎችም ከዝርዝሩ ወጥተዋል። አረጋውያንን ለመንከባከብ ከውጭ ሰው መቅጠርም በዚያው ቀን ቆሟል። ዛሬም «የእንግሊዝ ኬር ቪዛ አለኝ» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ይህን ቀን ያስታውሱ።

ነርስ ከሆኑ ደግሞ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል። በ2023ቱ ዝርዝር ውስጥ ካሉት 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እንግሊዝና ጀርመን ከእነዚህ አገሮች የግል ኤጀንሲዎች ዞረው የጤና ባለሙያ እንዳይመለምሉ ከልክለዋል። እርስዎ ራስዎ በቀጥታ ለሆስፒታል ማመልከት ይችላሉ፤ ያ አልተከለከለም። ስለዚህ «ጀርመን ሆስፒታል ነርስ እንድንመለምል ወክሎናል» የሚል ቢሮ ሲያዩ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ።

ነርስነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። ይህ ማለት ቪዛ ቢኖርዎትም የዚያ አገር ፈቃድ ሰጪ ሳይፈቅድልዎ በነርስነት መሥራት አይችሉም። ጀርመን ለፈቃዱ በአብዛኛው ቢ2 ጀርመንኛ ትጠይቃለች። ትምህርትዎ ከነሱ ጋር ካልተስተካከለ ደግሞ ማሟያ ሥልጠና ወይም ፈተና አለ። እስኪያልፉ ድረስ በረዳትነት ይሠራሉ፤ ደሞዙም የረዳት ነው። ጀርመን ውስጥ መካኒክና አካውንታንት እንዲህ ያለ ፈቃድ ሳይኖራቸው ሊቀጠሩ ይችላሉ።

ሹፌሮችም ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። የእኛ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፍና የተግባር ፈተና እንደገና ይወስዳሉ። ለከባድ መኪና ደግሞ ተጨማሪ የሙያ ብቃት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ በዩሮ ይከፈላል።

እሺ፣ ስንት ይፈጃል? ከጓንዡ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የፋብሪካውን ዋጋ ብቻ አይቶ አያዝም፤ መርከቡን፣ ቀረጡን፣ ትራንዚተሩን ደምሮ ነው መርካቶ ሲደርስ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው። ይህም እንደዚያው ይታሰብ።

ከትንሹ እንጀምር። መደበኛ ፓስፖርት ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ 5,000 ብር ነው፤ በአስቸኳይ ከፈለጉ 20,000 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ፓስፖርት ሳይቸኩሉ ቀድሞ ማውጣት ብቻውን 15,000 ብር ያተርፋል። የልደት ካርድ፣ ከፌዴራል ፖሊስ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ትርጉም፣ ማኅተም አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ይሰማል።

ቀጥሎ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተ ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ያስተምራል፤ ይፈትናልም። የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። ሱቅ እየዋለ ማታ የሚማር ሰው ቢ1 ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ቢያስብ አይሳሳትም። ለእኔ ግን ከወጪው ሁሉ የማይከስረው ይህ ነው። ቪዛው ቢከለከል እንኳ ቋንቋው እጅዎ ላይ ይቀራል።

ከዚያ የወረቀት ምዘና። በጀርመን የሙያ ማስረጃን አቻነት ማስመርመር እንደ ሙያው ከ100 እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። የዲግሪ ምዘና ከ200 ዩሮ ትንሽ በላይ ነው። የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ 75 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በካናዳ በኩል የማመልከቻውና የነዋሪነቱ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው 1,525 የካናዳ ዶላር ነበር።

ትልቁ ግን ሌላ ነው፦ መኖሪያ ገንዘብ አለኝ ብሎ ማሳየት። ለቻንሰንካርተ በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ይጠየቅ ነበር፤ በዓመት 13,092 ዩሮ ማለት ነው። ዩሮን ለስሌት ያህል በ160 ብር ብንይዘው ከ2 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ «ዝግ ሒሳብ» በሚባል የባንክ ሒሳብ ይቀመጥና እዚያ ሲደርሱ በየወሩ ይለቀቅልዎታል። አይበላም፤ የእርስዎ ነው። ግን አስቀድሞ መገኘት አለበት። ካናዳም ሥራ ሳይኖረው ለሚገባ አንድ ሰው ከ15,000 የካናዳ ዶላር በላይ ታያለች፤ ቤተሰብ ሲጨመር ቁጥሩ ያድጋል።

የሱቅ ቁልፍ መሸጥ የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። እቁብ ቀድሞ ለመብላት ዳኛውን መለመንም እዚህ ላይ ይመጣል። ትንሽ ይቆዩ። ለጀርመን ገንዘቡን በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻላል። እዚያ የሚኖር ዘመድ በሕግ ፊት «ወጪውን እሸፍናለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ወይም የትርፍ ጊዜ ሥራ ውል ከወዲሁ ይገኛል። ዘመድዎ ግን ምን እየፈረመ እንደሆነ ይወቅ፤ ችግር ቢመጣ መንግሥት ገንዘቡን ከእሱ ይጠይቃል።

ብርን ወደ ዩሮ መለወጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በአንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። በብር እየቆጠቡ ከሆነ ግብዎ በየወሩ ይሸሻል። በጥቁር ገበያ የተገዛ ገንዘብ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይቻልም፤ ኤምባሲ ምንጩን ይጠይቃል። በባንክ በኩል፣ ደረሰኝ ባለው መንገድ ይሁን።

አሁን የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ፦ «ከሄድኩ በኋላ በወር ስንት ይተርፈኛል?» ጀርመን 3,000 ዩሮ ደሞዝ የተባለለት፣ ያላገባ ባለሙያ እናስብ። ግብር፣ የጤና መድን፣ ጡረታና የሥራ አጥ መድን ሲቆረጥ እጁ ላይ የሚገባው ወደ 2,050 ዩሮ ነው። አንድ ክፍል ቤት ከነማሞቂያው 600 ነው ብንል 1,450 ይቀራል። ምግብ 300። የመጓጓዣ ወርኃዊ ትኬት 60 ገደማ። ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ልብስ፣ ለክረምት ካፖርት፣ እንዲያውም ቴሌቪዥን ባይኖርዎትም በየወሩ የሚከፈል 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም የቴሌቪዥንና ሬዲዮ ክፍያ አለ። 250 እንበል። ወደ 800 ዩሮ ይተርፋል፤ በያዝነው ስሌት 128,000 ብር ነው።

ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን የማን ቁጥር ነው? ወረቀቱ የታወቀለት፣ በሙያው የተቀጠረ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ቁጥር ነው። ቤት ለመከራየት እስከ ሦስት ወር ኪራይ መያዣ ይጠየቃል። ሥራ እየፈለገ ያለ ሰው ደግሞ በሳምንት 20 ሰዓት በዝቅተኛው ደሞዝ ቢሠራ፣ በ2025 በሰዓት 12 ዩሮ ከ82 ሳንቲም ሲታሰብ፣ ከመቆረጡ በፊት በወር 1,100 ዩሮ ገደማ ነው። ከዚያ የሚተርፍ የለም። ቤተሰብ እዚህ ብር የሚጠብቅ ከሆነ ይህን የመጀመሪያ ዓመት አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሥራ መኖሩንስ እዚህ ሆነው እንዴት ያውቃሉ? በወሬ አይደለም። የጀርመን መንግሥት «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» የሚል ድረ ገጽ አለው፤ የካናዳ መንግሥት «ጆብ ባንክ» አለው። ሁለቱም በነፃ ናቸው። የሙያዎን ስም አስገብተው የወጡትን ማስታወቂያዎች ያንብቡ። ሃያ ማስታወቂያ ካነበቡ የሚጠይቁት ነገር ይገባዎታል። መካኒክ ከሆኑ ምን ያህሉ የኮምፒውተር ምርመራና የኤሌክትሪክ መኪና ዕውቀት እንደሚጠይቁ ያያሉ። ኤሌክትሪሽያን ከሆኑ ምን ያህሉ ቢ1 ጀርመንኛ እንደሚሉ ያያሉ። ከዚያ ለጥቂቶቹ ያመልክቱ። መልስ የሚሰጥዎት አሠሪ ካለ ገበያው አለ። ወራት ሙሉ አንድም ካልመለሰ ቪዛው ቢገኝም እዚያ ደርሰው የሚሆነው ያው ነው።

የካናዳ አሠሪዎች የካናዳ ልምድ አለህ ወይ ብለው ሰው ሲያጉላሉ ኖረዋል። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ ይህን በማስታወቂያ ላይ መጠየቅ ከልክሏል። በማስታወቂያ ላይ መከልከሉ በአሠሪው ልብ ያለውን አይነቅልም፤ ቢሆንም መልካም ጅምር ነው። ችግሩ የካናዳ ብቻ አይደለም፤ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱና ፓርኪንግ ሲሠሩ የኖሩ የእኛ መሐንዲሶችና መምህራን ጥቂት አይደሉም። ሥራ ነውርነት የለውም። ግን ለፓርኪንግ ሥራ ከሆነ የዲግሪ ምዘና ባልተከፈለ ነበር፤ ስለዚህ በሙያዎ እሠራለሁ ብለው ከወሰኑ ቋንቋውንና ፈቃዱን ከመሄድዎ በፊት የቻሉትን ያህል ይጨርሱ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ኪራይ ትምህርትን ያስረሳል።

ስለ ደላላ ጥቂት ልበል። ካናዳ ከመጋቢት 25 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጥር ደብዳቤ ላለው ሰው በገንዳው ውድድር ትሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ነጥብ ሰርዛለች። አሠሪው ከውጭ ሰው ለመቅጠር የሚያወጣው ፈቃድ 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ ይህን ከሠራተኛው መቀበል ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ «የካናዳ የቅጥር ደብዳቤ» በሚሊዮን ብር የሚሸጥልዎ ሰው ወይ ሐሰት ይሸጣል፣ ወይ ሕግ ይጥሳል። የቪዛ ክፍያ የሚከፈለው ለኤምባሲው ወይም ኤምባሲው ለወከለው ማመልከቻ ተቀባይ፣ በደረሰኝ ነው። «ጉዳይህን አስፈጽማለሁ» ብሎ በእጅ የሚቀበል ሰው ኤምባሲ ውስጥ ወንድም የለውም። በሕገ ወጥ መንገድ ሰው የሚያሻግር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በወንጀል ይጠየቃል፤ ገንዘብዎን ግን አዋጁ አይመልስልዎትም።

ዐረብ አገር በኤጀንሲ ለሚሄድ ሕጉ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላም በአዋጅ 1246/2013 እንደተሻሻለው፣ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የሲኦሲ ወጪ የሠራተኛው ነው። ትኬት ክፈል ከተባሉ ይጠይቁ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያጣሩ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ እንዲህ ነው። ዕድሜው ከ35 በታች የሆነ፣ የኮሌጅ ወረቀት ያለው፣ ቋንቋ ለመማር የማይታክት ባለሙያ ቢሞክር ሒሳቡ ይወጣለታል። ከ40 ያለፈ፣ ደንበኛ ያለው ሱቅ ያቆመ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ግን መጀመሪያ የሱቁን የዓመት ትርፍ በሐቅ ጽፎ ይመልከት። መርካቶ የራሱ ጌታ የነበረ ነጋዴ እዚያ ተቀጣሪ ይሆናል። ይህ በብር አይተመንም፤ ማታ ማታ ግን ይታሰባል። ለእሱ ከራሱ ይልቅ ልጁን ለዚህ መንገድ ማዘጋጀት ይሻለው ይሆናል።

ለመሄድ ከወሰኑም ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ርካሹን መጀመሪያ፣ ውዱን መጨረሻ። በነፃ የሚታየውን መዝገብ ይዩ፤ ስምና ልደትዎን ያስተካክሉ፤ ቋንቋ ይጀምሩ፤ ወረቀትዎን ያስመዝኑ። የምዘናው ውጤት እስኪመጣ ሱቁ ክፍት ይሁን።

ሱቁ በእርስዎ ስም ከሆነና ወንድም ወይም እህት እንዲይዘው ከፈለጉ ውክልናውን ከመሄድዎ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይስጡ። ውጭ ሆነው በኤምባሲ መስጠት ይቻላል፤ ግን ወረቀቱ እዚህ መጥቶ እንደገና በውጭ ጉዳይ በኩል ያልፋል። ውክልናው ላይ ንግድ ፈቃድ ማደስ፣ ግብር መክፈል፣ ኪራይ መዋዋል በስም ይጠቀሱ። መሸጥን መጨመር አለመጨመር የእርስዎ ውሳኔ ነው። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ ቪዛዎ በጥቅምት ከወጣ አድሰውት ይሂዱ።